በየካ ግርጌና በእንጦጦ አናት፦ የደካማ ሲግናል ዲጂታል ዘዴዎች የሬዲዮ ጫጫታንና የተራራ ከለላን ለይቶ ለመለካት የሚሰጡት አገልግሎት

አኅጽሮተ ጥናት

ደካማ ሲግናልን ለይተው የሚያነቡ ዲጂታል የአማተር ሬዲዮ ዘዴዎች በጥቂት ዋት ኃይል አህጉር አቋራጭ ግንኙነት ለማድረግ ያስችላሉ። ይህ ጽሑፍ ዘዴዎቹ ከግንኙነት ባሻገር ለልኬት ሊሰጡ የሚችሉትን አገልግሎት የየካ ክፍለ ከተማንና የእንጦጦን ሸንተረር ምሳሌ አድርጎ ይመረምራል። ከከተማ ወደ ተራራ የወጣ ጣቢያ በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይጠቀማል፤ አንደኛው ከከተማው ኤሌክትሪካዊ ጫጫታ መራቁ፣ ሁለተኛው ደግሞ አድማሱን የሚጋርድ ከፍታ ከፊቱ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው የሚጠቅመው ማዳመጥን ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው መላክንም ማዳመጥንም ይጠቅማል። ጽሑፉ ይህን ልዩነት መነሻ በማድረግ፣ በሁለቱ ቦታዎች የቆሙ ተመሳሳይ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩና ቢያዳምጡ የሁለቱን ምክንያቶች ድርሻ በአንድ ቅነሳ መለየት እንደሚቻል ያሳያል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የመስክ አሠራርና የዘዴውን ገደብም ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ አማተር ሬዲዮ፣ ደካማ ሲግናል፣ የሬዲዮ ጫጫታ፣ አዮኖስፌር፣ እንጦጦ

1. መግቢያ

የእንጦጦ ሸንተረር ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማዋን ይመለከታል። ከባሕር ጠለል በላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ላይ የተሠራው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያም በዚሁ ሸንተረር ላይ ይገኛል። ተራራው ከፍታው እንጂ ርቀቱ አልረዳውም፤ ከተማዋ እየሰፋች በመጣች ቁጥር የመንገድና የቤት መብራት የሌሊቱን ሰማይ ማደብዘዙ ለሥነ ፈለክ ተመልካቾች የታወቀ ችግር ሆኗል።

ብርሃን ሰማዩን እንደሚያደበዝዘው ሁሉ፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ብክለትም አለ። ኤልኢዲ አምፖሎች፣ የስልክና የኮምፒዩተር ቻርጀሮች፣ የቴሌቪዥን ኃይል አቅራቢዎች፣ ኢንቨርተሮችና የሊፍት ሞተሮች ሁሉ ሳይፈለግ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫሉ። መሐንዲሶች ኖይዝ የሚሉት ይህ ጫጫታ አጭር ሞገድ በሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ላይ በርትቶ ይሰማል። የካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ሁለት ገጽታ አለው፤ በስተ ደቡብ መገናኛን፣ ሾላ ገበያንና ሕዝብ የበዛባቸውን መንደሮች ይዞ፣ በስተ ሰሜን ደግሞ የባሕር ዛፍ ደን ወደ ለበሰው ዳገት ይወጣል። በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የከተማ ጫጫታና የገጠር ጸጥታ ጎን ለጎን የሚገኙበት ስፍራ በመሆኑ ለንጽጽር ጥናት እጅግ የተመቸ ነው።

ለጥናቱ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች እጅ የሚገኝ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድልድል መሠረት የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክቶች «ኢ-ቲ» በሚሉ ፊደላት የሚጀምሩ ሲሆን፣ በ5 ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያም ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ በሚለው ምልክት በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ሆኖም አማተሮች «ተራራ ላይ የተሻለ ይሰማል» ብለው በልምድ የሚናገሩት ሐሳብ ምን ያህሉ በጸጥታው፣ ምን ያህሉ በከፍታው እንደሆነ ተለይቶ ካልታወቀ ለምሕንድስና ውሳኔ አይበቃም። ችግሩ ጫጫታ ከሆነ መፍትሔው ጫጫታውን ማጥፋት ወይም መቀበያውን ብቻ ማራቅ ነው። ችግሩ ከለላ ከሆነ ግን ጣቢያውን በሙሉ ከማዛወር ሌላ መፍትሔ የለውም።

2. «ከጫጫታ በታች» ማለት ምን ማለት ነው

በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የሚታየው ዊስፐር የተባለው ዘዴ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሹክሹክታ ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ይገጥማል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረበው ጆ ቴይለር፣ ከራስል ሃልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ላገኙት ጥንድ ፑልሳር የ1993ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈለ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። ከሩቅ ኮከብ የሚመጣን ደካማ ምት ከጫጫታ መካከል የማውጣት ጥበብ ወደ አማተር ሬዲዮ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የዊስፐር መልእክት እጅግ አጭር ነው። የላኪው የጥሪ ምልክት በ28 ቢት፣ የሚገኝበት የካርታ አራት ማዕዘን በ15 ቢት፣ የማሰራጫው ኃይል በ7 ቢት ተጽፎ በድምሩ 50 ቢት ይሆናል። እነዚህ 50 ቢቶች ስሕተት በሚያርም ኮድ ተባዝተው ወደ 162 ምልክቶች ይለወጣሉ፤ ምልክቶቹም በአራት ቃናዎች አንድ በአንድ ይላካሉ። በቃናዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.46 ኸርዝ ገደማ፣ የሲግናሉ ጠቅላላ ስፋት ወደ 6 ኸርዝ፣ የመላኪያው ጊዜ ደግሞ 110.6 ሰከንድ ነው። ሁሉም ጣቢያ መላክ የሚጀምረው ሙሉ ቁጥር ደቂቃ በገባ በ1 ሰከንድ ውስጥ በመሆኑ፣ ተቀባዩ ኮምፒዩተር የት ጊዜ ላይ መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

ሶፍትዌሩ አንድን ሲግናል በ28 ዴሲቤል ከጫጫታ በታች ሆኖ እንዳነበበው ሲያሳይ አንባቢው ተአምር የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚሰላው የድምፅ ንግግር በሚይዘው የ2,500 ኸርዝ ስፋት ውስጥ ካለው ጠቅላላ ጫጫታ ጋር በማነጻጸር ነው። የዊስፐር ሲግናል የሚይዘው 6 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚገባው ጫጫታ ከጠቅላላው በ417 እጥፍ፣ ማለትም በ26 ዴሲቤል ያንሳል። ስሌቱ ወደ አንድ ቃና ስፋት ሲወርድ ልዩነቱ 32 ዴሲቤል ይደርሳል። ስለዚህ «28 ከታች» የተባለው ሲግናል በራሱ ጠባብ ጎዳና ላይ ሲታይ ከጫጫታው በ4 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። በሾላ ገበያ ሁካታ መካከል የቆመ ሰው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ትቶ አንዲት ቀጭን ፉጨት ብቻ ለመስማት ጆሮውን ቢያሠለጥን የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ፉጨቷ ከገበያው አትበልጥም፤ በእርሷ ቃና ላይ ግን የሚወዳደራት ጥቂት ነው።

ከዚህ አንድ ዐቢይ ቁም ነገር ይከተላል። ዘዴው የሚለካው ሲግናልን ብቻ ሳይሆን የሲግናልንና የጫጫታን ጥምርታ ነው። በተቀባዩ ዘንድ ጫጫታው በ14 ዴሲቤል ቢጨምር የተነበበው ቁጥር በዚያው ልክ ይወርዳል። እጅግ የተራቀቀ ኮድም ቢሆን ጫጫታን አያጠፋም፤ ከጫጫታው አንጻር ያለውን ገደብ ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ጫጫታ በበዛበት መንደር የሚቀመጥ መቀበያ፣ ኮዱ ያስገኘለትን ትርፍ ለጎረቤት ቻርጀር አሳልፎ ይሰጣል።

3. ተራራው የሚሰጣቸው ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው ጸጥታ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ፒ-372 በተባለው የውሳኔ ሐሳቡ ሰው ሠራሽ ጫጫታን በቦታ ዓይነት ከፋፍሎ የሚያሰላ ቀመር አስቀምጧል። በ14.1 ሜጋኸርዝ ላይ ቀመሩ ለከተማ መሐል 45፣ ለመኖሪያ ሰፈር 41፣ ለገጠር 35፣ ለጸጥተኛ ገጠር ደግሞ 21 ዴሲቤል ይሰጣል። ይሁንና በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከጋላክሲያችን የሚመጣው ተፈጥሯዊ ጫጫታ 26 ዴሲቤል ያህል በመሆኑ፣ በጸጥተኛ ቦታም ቢሆን የሁለቱ ድምር ከ27 አይወርድም። በመኖሪያ ሰፈርና በጸጥተኛ ቦታ መካከል የሚጠበቀው ልዩነት እንግዲህ 14 ዴሲቤል፣ ማለትም 25 እጥፍ የኃይል ልዩነት ነው። በሩቅ አገር ያለ ጣቢያ በ5 ዋት ልኮ በተራራው ላይ የሚነበበውን ያህል በመንደር ውስጥ ለመነበብ 125 ዋት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እነዚህ አኃዞች የሚያርፉት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተጠናቀሩ ልኬቶች ላይ ነው። በዚያ ዘመን ኤልኢዲ አምፖል በየቤቱ አልነበረም፤ ዛሬ በየቤቱ የሞላው ማብሪያ ማጥፊያ ዓይነት የኃይል አቅራቢም ገና አልተስፋፋም ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመገናኛ በኩል ወደ አያት የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ቀላል ባቡርም ሊመረመሩ ከሚገባቸው የጫጫታ ምንጮች አንዱ ነው። ስለዚህ የየካን ጫጫታ ከቀመር መገመት መነሻ ይሆናል እንጂ ልኬትን አይተካም።

ሁለተኛው ክፍት አድማስ ነው። የአጭር ሞገድ ሲግናል ከአዮኖስፌር ጋር እየተላተመ በነጠራ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን ያለው ርቀት 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንጸባራቂው ንብርብር በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ተብሎ ሲሰላ፣ ይህን መንገድ በሁለት ነጠራ የሚጨርስ ሞገድ ከምድር በ4.6 ዲግሪ፣ በሦስት ነጠራ የሚጨርሰው ደግሞ በ12 ዲግሪ ገደማ ተነሥቶ መጓዝ አለበት። በየካ ዳገት ሥር በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ጣቢያ በስተ ሰሜኑ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ የ3,000 ሜትር ሸንተረር ቢኖርበት፣ ሸንተረሩ አድማሱን እስከ 7 ዲግሪ ድረስ ይጋርድበታል። የሦስት ነጠራው ሞገድ ከሸንተረሩ በላይ ያልፋል፤ በጥቅሉ ጥቂት ኪሳራ ያለው የሁለት ነጠራው ሞገድ ግን በተራራው ጀርባ ይጋጫል። ሞገድ በጫፍ ላይ ተጠማዝዞ ስለሚያልፍ ከለላው ፍጹም አይሆንም፤ ቢሆንም ሲግናሉን ያዳክመዋል። ሸንተረሩ ላይ የቆመ ጣቢያ ግን በስተ ሰሜን ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርድ ክፍት አድማስ አለው።

ወደ ደቡብ ሲታይ ነገሩ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ናይሮቢ በአንድ ነጠራ የምትደረስ ሲሆን፣ ሞገዱ የሚነሣበት ማዕዘን 24 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ አቅጣጫ ከየካ ፊት የሚቆም ተራራ የለም። በመሆኑም የሰሜኑና የደቡቡ መንገድ እርስ በርሳቸው እንደ መፈተኛና እንደ ማነጻጸሪያ ሆነው ያገለግላሉ።

4. ሁለቱን የመለያ ዘዴ

ጥናቱ ሁለት ተመሳሳይ ጣቢያዎችን ይጠይቃል፤ አንዱ በየካ ግርጌ በመኖሪያ ሰፈር፣ ሌላው በእንጦጦ አናት። አንቴናቸው፣ የአንቴናቸው ከፍታ፣ ኃይላቸውና ሶፍትዌራቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለቱም በየ10 ደቂቃው በተመሳሳይ የሁለት ደቂቃ ተራ ይልካሉ፤ በቀሩት ስምንት ደቂቃዎች ያዳምጣሉ። ዊስፐር የሚሠራበት ክልል 200 ኸርዝ ስፋት ስላለው፣ ሁለቱ በ40 ኸርዝ ተራርቀው ቢልኩ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም።

ሁለቱ ጣቢያዎች ሲልኩ፣ በአውሮፓ ወይም በደቡባዊ አፍሪካ ያለ አንድ ተቀባይ ሁለቱንም በአንድ ተራ ያነባል። የተቀባዩ ጫጫታ ለሁለቱም አንድ ነው። የአዮኖስፌር ሁኔታም በዚያች ደቂቃ በጣም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ንባቦች መካከል የሚቀረው ልዩነት የመነሻ ቦታዎቹ ልዩነት፣ በዋናነትም የአድማስ ልዩነት ነው። ይህ «የመላክ ልዩነት» ይባል።

በተቃራኒው የሩቁ ጣቢያ ሲልክ የካም እንጦጦም ያንኑ አንድ ሲግናል ያነባሉ። እዚህ የሚገኘው ልዩነት ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ የአድማስን ልዩነትና በሁለቱ ቦታዎች ያለውን የጫጫታ ልዩነት። ይህ ደግሞ «የመቀበል ልዩነት» ይባል። አንቴና በሚልክበትና በሚቀበልበት ጊዜ ያለው ጠባይ አንድ በመሆኑ፣ ተራራው ለመላክ የሚከለክለውን ያህል ለመቀበልም ይከለክላል። እንግዲህ፦

የጫጫታ ልዩነት = የመቀበል ልዩነት − የመላክ ልዩነት

ለስሌቱ ማብራሪያ ያህል፣ እንጦጦ ወደ ሰሜን ሲልክ ከየካ በ4 ዴሲቤል ቢበልጥ፣ ከሰሜን ሲቀበል ደግሞ በ18 ዴሲቤል ቢበልጥ፣ 4ቱ የአድማስ፣ የቀሩት 14ቱ የጸጥታ ድርሻ ናቸው። በደቡብ መንገድ ላይ የመላክ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይቀርባል፤ የጫጫታው ልዩነት ግን ከሰሜኑ ጋር መቀራረብ አለበት። ሁለቱ አቅጣጫዎች የተለያየ የጫጫታ ልዩነት ከሰጡ፣ ወይ ጫጫታው ራሱ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል፣ አለበለዚያም በመሣሪያዎቹ መካከል ያልታየ ልዩነት አለ። የሙከራው ጥንካሬ ራሱን በራሱ የሚያርምበት ይህ መንገድ ያለው መሆኑ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን መታወቅ አለበት። ሶፍትዌሩ ከገደቡ በታች የወደቀ ሲግናልን ጨርሶ አይመዘግብም። ጫጫታ በበዛበት ግርጌ የሚመዘገቡት፣ በዕድል በዚያች ደቂቃ የበረቱት ሲግናሎች ብቻ ይሆናሉ። ጥናቱ ሁለቱም ጣቢያዎች ያነበቧቸውን ብቻ አጣምሮ አማካይ ቢወስድ ልዩነቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ንጽጽሩ በግርጌው ጣቢያ ከገደቡ በደንብ ከፍ ብለው በሚሰሙ ላኪዎች ላይ መመሥረት፣ እንጦጦ ብቻ ያነበባቸው ሲግናሎች ቁጥርም ለብቻው መገለጽ ይኖርበታል።

ከሙሉው ሙከራ በፊት በአንድ ተራ መቀበያ ብቻ የሚደረግ ቀላል ፍተሻም አለ። በዓለም ዙሪያ 18 ጣቢያዎች ያሉት ዓለም አቀፍ የቢከን መርሐ ግብር በ14.100 ሜጋኸርዝ ላይ በየሦስት ደቂቃው ተራ በተራ ይልካል። እያንዳንዱ ጣቢያ ምልክቱን ካሰማ በኋላ በ100፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት አራት ረጃጅም ድምፆችን ያሰማል። እያንዳንዱ ደረጃ 10 ዴሲቤል ነው። በመርሐ ግብሩ ለኢትዮጵያ ቅርብ ከሆኑት አንዱ በኬንያ የተመደበው 5-ዜድ-4-ቢ ነው። በየካ የ100 ዋቱን ድምፅ ብቻ የሰማ አዳማጭ በእንጦጦ እስከ 1 ዋት ያለውን ከሰማ፣ የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ወደ 20 ዴሲቤል እንደሚቀርብ ያለ ኮምፒዩተር ይረዳል።

ግርጌው ጣቢያ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የከተማው ኑሮ ራሱ ሌላ ሙከራ ይጨምርለታል። መብራት በጠፋ ጊዜ በሰፈሩ ያሉት የጫጫታ ምንጮች በአንድ ቅጽበት ዝም ይላሉ፤ ጣቢያው ግን ማዳመጡን ይቀጥላል። ከመጥፋቱ በፊት፣ በጠፋበት ጊዜና ከተመለሰ በኋላ የተመዘገበው የጫጫታ መጠን፣ ምን ያህሉ ከኤሌክትሪክ መረቡና ከተገናኙት ዕቃዎች እንደሚመጣ ያሳያል። ጄኔሬተሮችና ኢንቨርተሮች የራሳቸውን ጫጫታ ይዘው ስለሚነሡ ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቀጣዮቹ ተለይተው ይታዩ።

5. የመስክ አፈጻጸም

ሀ. ፈቃድ። ማንኛውም የአማተር ጣቢያ ከመላኩ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና የተሰጠ የጥሪ ምልክት ያስፈልገዋል። ለዚህ ጥናት ደግሞ ሁለቱ ጣቢያዎች ሁለት የተለያዩ የጥሪ ምልክቶች ሊኖሯቸው ግድ ነው። ምክንያቱ በካርታው አራት ማዕዘን ላይ ነው። መደበኛው የዊስፐር መልእክት አራት ቁምፊ ብቻ ያለውን የቦታ ኮድ ይይዛል፤ ኮዱም 1 ዲግሪ ኬክሮስ በ2 ዲግሪ ኬንትሮስ የሚሸፍን ነው። ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ክልል «ኬ-ጄ-99» ስለሚባል፣ የካም፣ እንጦጦም፣ ደብረ ብርሃንም አንድ ኮድ ይኖራቸዋል። በአንጻሩ ከ9 ዲግሪ መስመር በስተ ደቡብ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ «ኬ-ጄ-98» ውስጥ ይወድቃል። በመሆኑም ግርጌውን ከአናቱ የሚለየው የጥሪ ምልክቱ ብቻ ነው።

ለ. ጊዜ። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት ከ1 ሰከንድ በላይ ባይርቅ ይመረጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ዳገት ይህን የሚያሟላው ትንሽ የጂፒኤስ መቀበያ ነው። መዝገቡም በዓለም አቀፉ ሰዓት ይያዝ። የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆን፣ የእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት በመዝገቡ 6 ሰዓት ነው። በእጅ የተጻፈ ማስታወሻና በኮምፒዩተር የተመዘገበ ውሂብ በኋላ ሲጣመሩ የሚፈጠረው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ሐ. አንቴና። ለ14.1 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ሽቦ አንቴና ርዝመቱ 10.1 ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዛፎች መካከል በናይለን ገመድ ሊሰቀል ይችላል፤ ሽቦው ራሱ ግን ቅርንጫፍ መንካት የለበትም። ሁለቱ አንቴናዎች በአንድ አቅጣጫ ይዘርጉ። መቀበያው በቂ ስሜት እንዳለው ለማረጋገጥ አንቴናው ሲነቀል ጫጫታው ጉልህ በሆነ መጠን መውረዱ ይታይ፤ ካልወረደ የሚለካው የተራራው ጸጥታ ሳይሆን የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ነው።

መ. ኃይል። በ5 ዋት የሚልክ ጣቢያ ሲልክ 25 ዋት፣ ሲያዳምጥ 4 ዋት ቢወስድና አነስተኛው ኮምፒዩተር 5 ዋት ቢጨምር፣ ከጊዜው አንድ አምስተኛውን ብቻ ስለሚልክ አማካይ ፍጆታው 13 ዋት ገደማ ይሆናል። ባለ 12.8 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 256 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚህ አራት አምስተኛው ቢወሰድ ጣቢያውን 15 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የፀሐይ ፓነል መጨመር የሚቻል ቢሆንም፣ የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያው ራሱ ጫጫታ የሚረጭ ከሆነ ከተማውን ተራራ ላይ ይዞ እንደ መውጣት ይቆጠራል።

ሠ. የሙቀት ለውጥ። በእንጦጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ በፍጥነት ይገባል። ተራ የኳርትዝ ክሪስታል ያለው ማሰራጫ በዚያን ጊዜ ከፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ ቃናዎቹ በ1.46 ኸርዝ ብቻ የተራራቁ በመሆናቸውም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ኸርዝ መንሸራተት ንባቡን ሊያበላሽ ይችላል። የሙቀት ማስተካከያ ያለው ክሪስታል መጠቀምና መሣሪያውን በስፖንጅ በተለበደ ሣጥን ማኖር ይረዳል።

ረ. መለዋወጥ። በጥናቱ እኩሌታ ላይ የግርጌው መሣሪያ ወደ አናት፣ የአናቱ ወደ ግርጌ ይዛወር። ውጤቱ ከቦታው ጋር ከቀረ ልዩነቱ የቦታው ነው፤ ከመሣሪያው ጋር ከተጓዘ ግን የመሣሪያው ነው።

ሰ. ደኅንነት። በክረምት ወራት ከሰዓት በኋላ በሸንተረሩ ላይ ነጎድጓድ ይበዛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተዘረጋ ሽቦ መብረቅን ሊጋብዝ ስለሚችል ደመና መጥቆር ሲጀምር አንቴናው ተነቅሎ ሥራው ይቁም። ለዚህም፣ ለጫጫታውም ሲባል ልኬቱ በበጋ ቢደረግ ይመረጣል፤ በተለይ በ7 ሜጋኸርዝ ማታ ማታ ከሩቅ የሚመጣው የመብረቅ ጫጫታ የከተማውንና የተራራውን ልዩነት ያደበዝዘዋል።

6. በማግኔታዊ ወገብ አቅራቢያ ያለው ገደብ

አዲስ አበባ በምድር ማግኔታዊ ወገብ አጠገብ የምትገኝ በመሆኗ ከላይዋ ያለው አዮኖስፌር ልዩ ጠባይ አለው። ቀን ቀን በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በወገቡ አቅጣጫ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን በ4 ኪሎ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የዚህን ጅረት ምልክት ለአሠርት ዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። ለዚህ ጥናት ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚሆነው ነው። የላይኛው ንብርብር ተነሥቶ ይበጣጠሳል፤ ከእርሱ የሚንጸባረቅ ሲግናልም ይርገበገባል፣ ቃናውም ይሰፋል። ሁኔታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት አካባቢ ይበረታል።

በዚህ ጊዜ ጠባብነት ጉዳት ይሆናል። የዊስፐር ቃና በጥቂት ኸርዝ ከሰፋ በጎረቤቱ ቃና ላይ ይወድቃል፤ ሲግናሉ በርትቶ እየመጣ እንኳ ላይነበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስቲቭ ፍራንክና ጆ ቴይለር ያቀረቡት ኤፍ-ቲ-8 ግን ስምንት ቃናዎቹን በ6.25 ኸርዝ ያራርቃል፤ በ50 ኸርዝ ስፋት፣ በ12.64 ሰከንድ 77 ቢት ይልካል። ገደቡ 21 ዴሲቤል ከታች በመሆኑ ከዊስፐር ቢያንስም፣ የሚርገበገብን ሲግናል ይበልጥ ይታገሣል። በመካከለኛ ኬክሮስ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች «ይበልጥ ደካማ ሲግናል የሚያነበው ዘዴ ይመረጥ» ሲሉ፣ በአዲስ አበባ ምሽት ይህ ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ የጫጫታ ንጽጽሩ በቀን ሰዓት በተገኘ ውሂብ ላይ ይመሥረት። የምሽቱ ውሂብ ደግሞ አይጣል፤ ሁለቱ ዘዴዎች በአንድ ምሽት ያስመዘገቡት ንባብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ስለ ወገቡ አዮኖስፌር የሚናገረው የራሱ ነገር አለው።

7. ማጠቃለያ

ደካማ ሲግናል የሚያነቡ ዘዴዎች ለብዙ አማተሮች የሩቅ ግንኙነት መዝናኛ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እንደ ታየው ግን፣ ሁለት አነስተኛ ጣቢያዎች፣ ሁለት የሽቦ አንቴናዎችና በጥንቃቄ የተያዘ የሰዓት ሥርዓት ከተሟሉ፣ «ተራራ ላይ የተሻለ ይሰማል» የሚለውን አባባል ወደ ሁለት ቁጥሮች ሊለውጡት ይችላሉ። አንዱ ቁጥር ሸንተረሩ ስንት ዴሲቤል እንደሚከልል፣ ሌላው ከተማው ስንት ዴሲቤል እንደሚጮህ ይናገራል።

የሁለተኛው ቁጥር ጥቅም ከአማተር ሬዲዮ ያልፋል። በአጭር ሞገድ አዮኖስፌርን የሚያጠና ተመራማሪ፣ መስመር ሲቋረጥ በሬዲዮ መልእክት ለማሳለፍ የሚዘጋጅ የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ፣ ለመቀበያ ጣቢያ ቦታ የሚመርጥ መሐንዲስ ሁሉም የሚፈልጉት ጸጥተኛ ቦታ ነው። ጸጥታ ደግሞ ሲጠፋ አይታወቅም። መቀበያው አይሰበርም፣ መብራቱም አይጠፋም፤ ይሰሙ የነበሩት ሩቅ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ከመዝገቡ መቅረት ይጀምራሉ እንጂ። መቅረታቸውም የአዮኖስፌር ለውጥ ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። መንደሮች ወደ የካ ዳገት እየወጡ ባሉበት በአሁኑ ወቅት የተራራውን ጸጥታ ለክቶ ማስቀመጥ፣ ነገ ከሚለካው ጋር የሚነጻጸር መነሻ ይሰጣል። ሥራው በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የበጋ ወራት ሊጠናቀቅ የሚችል ነው፤ ልኬቱ ሳይወሰድ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ግን ተመልሶ ሊለካ አይችልም።